ሌሊት መብራት ሲመጣ፦ ለጅማ ነዋሪዎች፣ ለሙያ ባልደረቦቼና ለከተማው አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጅማ ከተማ ነዋሪዎች፣ በተለይ ጎረምሳ ልጅ ላላችሁ ወላጆች፤
ይድረስ ለሞባይልና ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች፣ ለባለ ሱቆችም፤
ይድረስ ለጅማ ከተማ አስተዳደር።

ሰላም ለሁላችሁም።

እኔ መርካቶ ሰፈር ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይል የምጠግን ሰው ነኝ። ሥራው ላይ 11 ዓመት አለፈኝ። ደብዳቤ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ቻርጅ ስለምናደርጋቸው ባትሪዎች ያየሁትን ግን ለጎረቤት አውርቼ ልተወው አልቻልኩም።

ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ ነው። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፣ ዝናቡም አላባራም። አንዲት እናት ጥቁር ፌስታል ይዘው ገቡ። ደንበኞቼ እስኪወጡ ድረስ ጥግ ላይ ቆመው ጠበቁ። ሱቁ ጭር ሲል ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ወንድሜ፣ ይሄ ምንድን ነው? ልጄን ብጠይቀው አልናገር አለኝ» አሉኝ።

ስፈታው መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። የተቃጠለ ስፖንጅ ሽታ፣ ከሱ ጋር ደግሞ ጉሮሮ የሚከረክር ሌላ ሽታ። ውስጡ አንድ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ)፣ ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰካ ትንሽ ቻርጀርና አንድ ባትሪ አለ። ባትሪው ከእጅ ባትሪና ከፓወር ባንክ ውስጥ የሚወጣው፣ 18650 የሚባለው ክብ ሴል ነው። ቁጥሩ መጠኑን ነው የሚናገረው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። የፕላስቲክ ልባሱ ቀልጦ ጠፍቷል። ክዳኑ ተፈንቅሏል። በውስጡ የተጠቀለለው ስስ መዳብ ጠቁሮ ተጎልጉሎ ወጥቷል።

ልጃቸው 17 ዓመቱ ነው። ማታ መብራት አልነበረም። ልጁ ቬፑን እናቱ እንዳያዩበት ባትሪውን ቻርጀሩ ላይ አድርጎ፣ ማከፋፈያውን ስቦ፣ ፍራሹና ግድግዳው መሀል ወሽቆ ተኛ። መብራት የመጣው ሌሊት ነው። ወደ 10 ሰዓት ገደማ እናትየውን ጢስ ቀሰቀሳቸው። ልጁ ተረከዙ ላይ ትንሽ ተለበለበ እንጂ ተረፈ፣ ተመስገን። ፍራሹ ግን የእንጀራ ምጣድ በሚያህል ስፋት ነዷል። ኮርኒሳቸው የተወጠረ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ነበልባሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር።

ባትሪውን ገልብጬ ታቹን ሳየው ደነገጥኩ። ብረቱ ላይ ጎን ለጎን ሁለት አጫጭር ጭረቶች አሉ። እነዚያን ጭረቶች በምስማር የማደርጋቸው እኔ ነኝ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ሴል አወጣለሁ፣ በቴስተር እለካለሁ፣ ደህና ከሆነ ሁለት ጊዜ ጭሬ ለእጅ ባትሪ እሸጠዋለሁ። ለዚህ ልጅም ሸጬለታለሁ ማለት ነው። ለምን እንደፈለገው አልጠየቅኩትም። ቻርጀሩ ምን ዓይነት እንደሆነም አልጠየቅኩም።

ለእናትየው እዚያው ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ይሄን ሁሉ የምታውቅ ከሆነ ለምን አልነገርከውም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሱቁን ዘግቼ ቻርጀሩን ፈተሽኩት። ሌላ ደህና ሴል አስገብቼ፣ የብረት ጣሳ ውስጥ አስቀምጬ፣ ቴስተሬን አያያዝኩበትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። የዚህ ዓይነት ሴል ሙሉ የሚባለው 4.2 ቮልት ላይ ሲደርስ ነው። ጥሩ ቻርጀር እዚያ ሲደርስ ቮልቱን ይዞ ከረንቱን እየቀነሰ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ያቋርጣል። ይሄኛው ገና 4.2 ሳይደርስ አረንጓዴ መብራቱን አበራ። ግን መላኩን አልተወም። 4.22፣ 4.25፣ 4.28። 4.31 ሲደርስ ነቀልኩት። አረንጓዴው ያን ጊዜም እንደበራ ነው። ልጁም ቢሆን ነቅቶ ቢያይ ኖሮ ሞልቷል፣ ቆሟል ብሎ ተመልሶ ይተኛ ነበር።

ሁሉም ጥፋት የቻርጀሩ ነው ብዬ አልምልም። የሸጥኩለትም ሴል ለቬፕ የሚሆን አልነበረም። ቬፕ ሽቦ አግሎ ነው ፈሳሹን የሚያተነው። በ60 ዋት የሚሠራ መሣሪያ ከአንድ ሴል 16 አምፔር ከረንትና ከዚያ በላይ ይስባል። የላፕቶፕ ሴል ግን ብዙ ጊዜ የተሠራው ለጥቂት አምፔር ነው፣ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት እንዲሰጥ። በየቀኑ ከአቅሙ በላይ ሲሳብ ውስጡ ይጎዳል። የተጎዳ ሴል ላይ ደግሞ የማያቋርጥ ቻርጀር ሲመጣበት ምን እንደሚሆን ፌስታሉ ውስጥ አይቻለሁ።

የማታውቁት ካላችሁ በቡና ልግለጸው፣ ጅማ ስለሆንን። ጀበና ሲገነፍል ከእሳቱ ታነሱታላችሁ፣ አለቀ። የስልኩም የቬፑም ባትሪ ዓይነት የሆነው ሊትየም ባትሪ እንዲህ አይደለም። አንዴ ከልክ በላይ ከጋለ እሳቱ ያለው ራሱ ውስጥ ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ የሚቀጣጠል ነው። ሙቀቱ ኬሚካሉን ያፈራርሰዋል፣ ሲፈራርስ ተጨማሪ ሙቀት ይሰጣል፣ ያ ሙቀት ደግሞ የቀረውን ያፈራርሳል። ከሶኬት መንቀል ያን ጊዜ አያስቆመውም። የሚወጣውም ጢስ መርዝ አለበት፤ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባለው ጋዝ ሳንባ ያቆስላል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ጢስ ቤት ውስጥ ከታያችሁ መጀመሪያ ሰው ይውጣ። ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር ማውረድ ከቻላችሁ አውርዱ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ውሃ ድፉበት። ለእነዚህ ትናንሽ ባትሪዎች ውሃ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ያቀዘቅዛል። ብርድ ልብስ መጣል ግን ሌላ የሚነድ ነገር መጨመር ነው። በእጅ ለማንሳት አትሞክሩ፤ ጠፋ ያላችሁት ሴል ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ሊነሳ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በከተማችን መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ማታ ከሄደ እንዴት እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ስልኩን፣ ፓወር ባንኩን፣ የእጅ ባትሪውን ሁሉ ሰክተን እንተኛለን፤ ሌሊት ሲመጣ ይሞላል ብለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ግን ይሄ ማለት ባትሪው መሞላት የሚጀምረው በቤቱ ውስጥ አንድም ሰው ነቅቶ በማያይበት ሰዓት ነው ማለት ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣም አንዳንዴ ቮልቱ ይዘላል። አምፖል ብልጭ ብሎ ሲቃጠል አይታችሁ የለም? ርካሽ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ያን የሚችልበት መከላከያ የለውም።

በጅማ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ተጉዛችሁ የምታውቁ ከሆነ ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ወደ ታች እንዲጫን አይፈቀድላችሁም። በእጅ ያዙት ትባላላችሁ። ቬፕም እንደዚሁ ነው፤ የዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ ነው። ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል፤ አደገኛ ከሆነ ለምን አጠገቤ ይሁን ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው አጠገብ ያለ ባትሪ ቢጤስ ወዲያው ይታያል፣ ውሃ ይደፋበታል። የጭነት ክፍል ውስጥ ያለውን ግን ማንም አያየውም። ፍራሽ ሥር ያለውንም ማንም አያየውም።

ለዚህ ነው ወላጆችን በጣም የምለምነው። በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሸጥ ክልክል ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከልክሎታል። ክልከላውን እደግፋለሁ፣ ልጆቻችን ኒኮቲን ባይለምዱ ደስ ይለኛል። ግን ዕቃው ከተማችን ገብቷል። ለጥገና ይመጣልኛል፤ ተማሪዎች ከደብተራቸው መሀል አውጥተው ያሳዩኛል። የተከለከለ ስለሆነም ይደብቁታል። ሲደብቁት ቻርጅ የሚያደርጉት ትራስ ሥር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አልጋ ሥር ነው። ልጃችሁ ቬፕ ይዞ ካገኛችሁት ተቆጡት፣ ምከሩት፣ የምታምኑበትን አድርጉ። ከዚያ በፊት ግን «ባትሪው የት ነው? በምን ነው ቻርጅ የምታደርገው?» በሉት። ስለ ማጨሱ ያለው ንግግር ነገም ይደርሳል። ፍራሽ ሥር የተሰካው ግን ለነገ አይቆይም።

ለልጆቹም በቀጥታ ልናገር፤ ስብከት አይደለም። ባትሪው ከመሣሪያው የማይወጣ ከሆነ አብሮት በመጣው ገመድ፣ መመሪያው በሚለው መጠን ብቻ ቻርጅ አድርጉት። ለትልቅ ስልክ የተሠራ ፋስት ቻርጀር ለትንሿ ዕቃ ይሻላል ማለት አይደለም። ቻርጅ ላይ እያለ አትሳቡት። የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በትክክል የሚያቋርጥ፣ ለየሴሉ ለብቻው የሚለካ ቻርጀር ይኑራችሁ። በ1 አምፔር ቀስ ብሎ 3 ሰዓት ቢፈጅ ፈጀ ነው። ሸክላ ሰሐን ላይ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ አድርጉት፣ ቀን ላይ፣ ሰው ባለበት። ለብ ማለቱ ያለ ነው። እጅ ላይ መያዝ እስኪያቅት ከጋለ ግን ንቀሉት፣ ዳግመኛም አትመኑት።

የባትሪውን ልባስ ደግሞ እዩ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው፦ የ18650 ሴል ገላው በሙሉ ኔጌቲቭ ነው። ፖዘቲቩ ከላይ ያለችው ክብ ብቻ ናት። ሁለቱን የሚለያቸው ከወረቀት የማይወፍር ፕላስቲክና አንዲት ቀለበት ናቸው። ከአፉ አካባቢ ትንሽ ከተላጠ፣ መሣሪያው ውስጥ ሲገባ ብረት ከብረት ይነካል፣ ያ ደግሞ ሾርት ነው። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከአንድ ብር ሳንቲም ጋር የሚዞር ሴልም እንዲሁ። ጭን ላይ የሚፈነዳው በዚህ መንገድ ነው። ትንሽ ፕላስቲክ ማቀፊያ ፈልጉለት፣ ካጣችሁ ሁለቱን ጫፎች በናስትሮ ሸፍኑ።

ሁለት ባትሪ የሚወስድ መሣሪያ ልክ እንደ ጥማድ በሬ ነው። አንዱ ጠንካራ ሌላው የከሳ ከሆነ ቀንበሩ ይጣመማል፣ የከሳው ይወድቃል። ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ አብረው የተገዙ፣ አብረው ቻርጅ የሚደረጉ ይሁኑ። አንዱ ሲያረጅ ሁለቱንም ነው የምትቀይሩት።

ለሙያ ባልደረቦቼ። ስለ ራሴ ጥፋት ስለተናገርኩ ስለ እናንተም ብናገር አትቀየሙኝም ብዬ ነው። ሁላችንም ላፕቶፕ ባትሪ ፈልፍለን ሴል እንሸጣለን። ሥራ ነው፣ የሚጣል ነገር ማዳንም ጥሩ ነው። ግን 2 ቮልት ወርዶ የቆየ ሴል «ነፍስ ዘራሁበት» ብለን መሸጥ ይቅር። በጣም የወረደ ሴል ውስጥ መዳቡ ይሟሟል። ቻርጅ ሲደረግ ተመልሶ ባልሆነ ቦታ ይቀመጥና ከውስጥ ሾርት ይፈጥራል። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ቴስተርም ደህና ነው ይላል። ከሳምንት በኋላ በሰው ቤት ውስጥ ነው የሚናገረው። እኔ ከአሁን በኋላ ከ2.5 በታች ያገኘሁትን አልሸጥም። ለቬፕ የሚፈልግ ሰውም ከላፕቶፕ የወጣ ሴል ከእኔ አያገኝም።

ባለ ሱቆችም፣ ልባሱ ላይ 9800 ወይም 9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ሴል አትግዙ፣ አትሽጡም። በዚህ መጠን ከተሠሩት ውስጥ የጥሩዎቹ አቅም 3,500 አካባቢ ነው። ከዚያ ብዙም አያልፍም። ሦስት እጥፍ የጻፈ ሰው ስለ ቀረውም ነገር ዋሽቷል። በወርቅ ቤት ሚዛን መዝኑት፤ እውነተኛው 45 ግራም ግድም ነው። 30 ግራም ቢሆን እኔ አላምነውም። በጣም ርካሹን ቻርጀር ስትሸጡም ቢያንስ አንዱን ከካርቶኑ አውጥታችሁ አስለኩት። እኔ ጋ አምጡ፣ አብረን እንለካለን።

በ2016 እ.ኤ.አ. ሳምሰንግን የሚያህል ኩባንያ ጋላክሲ ኖት 7 የሚባለውን ስልክ በባትሪው ምክንያት ከመላው ዓለም ለመሰብሰብ ተገዷል። መሐንዲስና ላቦራቶሪ ያለው ፋብሪካ ይሄ ከደረሰበት፣ እኛ በምስማር እየጫርን «ደህና ነው» ስንል ምን ያህል እንደምንደፍር እናስብ።

በመጨረሻ ለከተማው አስተዳደር። የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

የሞተ ባትሪ የሚጣልበት ቦታ አጥተናል። እኔ ሱቅ ብቻ አንድ ትልቅ የቀለም ጣሳ ሙሉ ያበጠ የስልክ ባትሪና የሞተ ሴል አለ። ለቆራሌው ብሰጠው በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ገንዳ ውስጥ ብጥለው ቆሻሻው ውስጥ ይነሳል። የሰፈሩ ልጆች ሲጫወቱበትም አይቻለሁ። አዌቱ ወንዝ ዳር የተጣለም አለ፣ ዝናብ ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ እናንተም ታውቃላችሁ። በየቀበሌው ክዳን ያለው አንድ የብረት በርሜል፣ ከቤትና ከገበያ ራቅ ያለ፣ ዝናብ የማይነካው ቦታ ላይ ቢቀመጥና በየጊዜው የሚያነሳው ሰው ቢኖር ለመጀመሪያ ይበቃል። ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍነን እናመጣለን፤ ይሄን ለባልደረቦቼ የማስተማሩን ሥራ እኔ እወስዳለሁ።

ሁለተኛ፣ ገበያ ላይ የሚሸጡትን ቻርጀሮች አንድ ባለሙያ ወጥቶ ይፈትሽልን። ቴስተርና አንድ ቀን ይበቃዋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎች ለልምምድ ቢመጡ እኛ ጠረጴዛና ወንበር እናዘጋጃለን። አንድ ላይ ቆመን ብንለካ የትኛው እንደሚያቋርጥና የትኛው እንደማያቋርጥ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አለ። ጠዋት በሰልፍ ሰዓት 5 ደቂቃ ይሰጠን። ስለ ቬፕ ክፉነት የሚናገር ሰው አይጠፋም። እኔ የምናገረው ስለ ባትሪው ነው። ቬፕ የማያውቅ ልጅም ቤቱ ስልክ አለ፣ ፓወር ባንክ አለ፣ በቻርጅ የሚሠራ የእጅ ባትሪ አለ። ሊትየም አዮን የሚባለው፣ ቻርጅ የሚደረገው ባትሪ ገበያ ላይ የወጣው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ጅማ ውስጥ ያልገባበት ቤት የለም፣ አያያዙን ግን ያስተማረን ማንም የለም።

እናትየዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃቸውን ይዘው ተመልሰው መጡ። እኔ ነበርኩ ኑ ያልኳቸው። ልጁ መጀመሪያ ቀና ብሎም አላየኝም። ሴሉን የሸጥኩልህ እኔ ነኝ፣ ሳልጠይቅህ መሸጤ ጥፋቴ ነው አልኩት። ከዚያ ቴስተሩን ሰጥቼ እንዴት እንደሚለካ አሳየሁት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል። ሰው ያመጣውን ቻርጀር እሱ ነው የሚለካው። እስካሁን ከለካቸው 14 ቻርጀሮች 5ቱ ከ4.25 ቮልት በላይ አልፈዋል። እነዚያን ባለቤቶቹ ፊት ገመዳቸውን ቆርጠን አስቀርተናል።

የእናንተንም አምጡ። ክፍያ የለውም። መብራት ካለ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ከሌለ ደግሞ ትታችሁት ሂዱ፣ ቀን ላይ ሲመጣ ለክተን እናቆይላችኋለን። በአልጋ ሥርም ሆነ በትራስ ሥር አሁን የተሰካ ነገር ካለ ግን ይሄን ደብዳቤ ከመጨረሳችሁ በፊት ተነሱና ንቀሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
መርካቶ ሰፈር የምሠራ የሞባይል ጠጋኝ
ጅማ